የተቀራበት ውኃና ክኒኑ

በጅማ ከተማ ለኢማሞች፣ ለመድረሳ መምህራንና ለእድር ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የተከበራችሁ ዑለማዎች፣ ኢማሞችና ኡስታዞች፣ የእድር አባቶች፣ እናቶቼና እህቶቼ፤ የቡና ለቀማው ደርሶ ሁሉም ወደ ማሳው በሚሮጥበት በዚህ ወቅት ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውን ሰዓታችሁን ስለሰጣችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ዓሊም አይደለሁም። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሕመምተኞችን ስከታተል ዓመታት ያሳለፍኩ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ ዲናችን የማነሣውን የተማርኩት ከዑለማዎቻችን ነው፤ ከተሳሳትኩም እዚሁ እንድታርሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በአንዲት እናት ጥያቄ ልጀምር። ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ። እኚህ እናት ሃያ ዓመት ያልሞላውን ልጃቸውን ይዘው ከሰቃ ጮቆርሳ በኩል መጡ። ልጁ ግድግዳውን እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ እኛ ስናናግረው ግን አይመልስም። እናቱ በሻርፓቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው የክኒን እሽግ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ከእሽጉ የጎደለው ሁለት ፍሬ ብቻ ነበር። ከዘንቢላቸው ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ውኃ አወጡና ከክኒኑ ጎን አቆሙት። "ልጄ" አሉኝ፣ "ይኼ ሸኹ ቁርኣን የቀሩበት ውኃ ነው፤ ይኼ ደግሞ ሐኪም የሰጠን ነው። አንዱ አንዱን ያፈርሰዋል ብለውኛል። የትኛውን ላስቀድም?"

ማን እንዲህ እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። የሰሙት ከሁለቱም ወገን ነበር። አንድ ጎረቤት ክኒን በሚውጥ ሰው ላይ ቁርኣን አይሠራም ብሏቸዋል። ክኒኑን ያዘዘላቸው ባለሙያ ደግሞ ጠርሙሱን አይቶ፣ ይህ ኋላቀርነት ነው፣ ይህን ካልተዉ መድኃኒቱም ዋጋ የለውም ብሎ ተቆጥቷቸዋል። እናቲቱ በሁለት ማስፈራሪያ መካከል ሦስት ወር ቆሙ። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ልጁ መጀመሪያ ትምህርቱን ተወ፤ ቀጥሎ እንቅልፍ አጣ፤ በመጨረሻም ከሰው ጋር መነጋገር አቆመ።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለነዚያ ሦስት ወራት ነው። በሕክምናው ዘንድ በብዙ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የታየ አንድ ነገር አለ፤ ሰው የሌለ ድምፅ መስማት ወይም እውነት ያልሆነ ነገር በጽኑ ማመን ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሕክምና እስከሚያገኝበት ቀን ያለው ጊዜ በረዘመ መጠን ማገገሙም እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ "የቱን ላስቀድም" እያለ የሚያባክነው እያንዳንዱ ሳምንት ከልጁ ዕድሜ ላይ የሚቆረጥ ነው።

በአካባቢያችን ሰው አእምሮው ሲታወክ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሸኽ፣ ወደ ኢማም ወይም ወደሚቀራ ኡስታዝ ነው። ይህን እንደ ጥፋት አላየውም። ልጁ በውድቅት ሌሊት እየጮኸ ቤቱን ለሚያምሰው አባት ቅርብ ያለው መስጂድ ነው፤ በሩ ያለ ካርድና ያለ ወረፋ ይከፈትለታል። አባቶቻችን ሌላ ምርጫም አልነበራቸውም። ለረጅም ዘመን ከጅማ ተነሥቶ የአእምሮ ሕክምና ፍለጋ የሚሄድ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል መድረስ ነበረበት፤ ያንንም የሚችለው የመኪናና የማረፊያ ገንዘብ ያለው ብቻ ነው። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተውና በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ በማስተርስ ደረጃም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው መርሐ ግብር መሠረት የተለመዱት የአእምሮ ሕመሞች በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲታከሙ አገራችንም የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀምራለች። መንገዱ አጥሯል፤ የቀረው ከእናንተ በር እስከ እኛ በር ያለው ርቀት ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች እንዳይመስለን። በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከነበሩት ስምንት ሰዎች አንዱ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖር ነበር። ቁጥሩ የዓለም አማካይ ነው፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሆኖም በጁሙዓ ሃያ አራት ሰው በቆመበት አንድ ሶፍ ላይ ብናስበው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከቆሙት መካከል ሦስቱ ማለት ነው። አብዛኞቹ ልብሳቸውን ጥለው አውራ ጎዳና የወጡ አይደሉም። ሥራ ይሠራሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ሌሊት ግን አይተኙም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። "ጂን ነው ወይስ በሽታ?" ተብዬ በየጊዜው እጠየቃለሁ። ጂን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፤ እኔም የማምነው ይህንኑ ነው፤ ማንም ይህን እምነቱን ትቶ ወደ ክሊኒክ እንዲመጣ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሕክምናው የዚህን ጥያቄ መልስ እንዳይጠብቅ ነው። አንድ ሰው ቀፎ ሊሰቅል ዋንዛ ላይ ወጥቶ ቢወድቅና እግሩ ቢሰበር፣ ጎረቤቱ ዓይን በልቶት ነው ብሎ ሊጠረጥር ይችላል፤ ቁርኣንም ይቀራለታል። እንዲህም ሆኖ ወጌሻ ለመጥራት አንድ ሰዓት የሚዘገይ ሰው በመካከላችን የለም። አንጎልም እንደ እግር የአካል ክፍል ነው፤ ያማል፣ ይታከማል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለ ነግረውናል፤ የገጠር ዐረቦች መጥተው እንታከም ወይ ብለው በጠየቋቸው ጊዜም የአላህ ባሮች ሆይ ታከሙ ብለዋል። ከሁሉም በላይ ግን ልቤን የሚነካው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የዚያች ጥቁር ሴት ታሪክ ነው። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ወደ ነቢዩ መጥታ እወድቃለሁ፣ ስወድቅም ገላዬ ይገለጣል፣ ዱዓ ያድርጉልኝ አለቻቸው። ብትታገሺ ጀነት አለሽ፣ ከፈለግሽም እንዲያድንሽ አላህን እለምንልሻለሁ ሲሏት፣ እታገሣለሁ፣ እንዳልገለጥ ብቻ ዱዓ ያድርጉልኝ አለች፤ አደረጉላትም። በዚህ ሐዲስ ውስጥ ኢማንሽ ስለደከመ ነው የሚል ቃል የለም፤ ምን ኃጢአት ሠርተሽ ነው የሚል ምርመራም የለም። ሴቲቱ ክብሯ እንዲጠበቅ ጠየቀች፤ የጠየቀችው ተሰጣት። በየመንገዱ ወድቆ ሰው ከቦ የሚያየውን ሕመምተኛ ባየሁ ቁጥር ያቺ ሴት የጠየቀችው ምን እንደነበር አስታውሳለሁ።

የቀደሙት ሙስሊሞችም ይህንን በተግባር ገልጠውታል። እ.ኤ.አ. በደማስቆ በ1154፣ በካይሮ በ1284 የተከፈቱትን ታላላቅ ሆስፒታሎች ታሪክ ያውቃቸዋል። በሐለብ በ1354 የተሠራው ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን የሚያርፉባቸው ክፍሎች በግቢ ዙሪያ ተደርድረውለት፣ ከመካከሉ የውኃ ፏፏቴ ነበረው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ934 ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባለው ዓሊም ሐዘንን በሁለት ከፍሎ ጽፎ ነበር፤ አንዱ ሰው የሚወደውን በማጣቱ የሚመጣ ምክንያቱ የታወቀ ሐዘን ነው፤ ሌላው ያለ ምንም የሚታይ ምክንያት የሚወርድና መነሻው ከሰውነት ውስጥ የሆነ ነው፤ ይህኛው በምክር ብቻ ሳይሆን በሰውነት ሕክምናም እንደሚታከም አስተምሯል። ይህን የማነሣው ለኩራት አይደለም፤ "ሕክምናው የፈረንጅ ነገር ነው" የሚለው ቃል እናንተ ፊት በተነሣ ቁጥር መልስ እንዲኖራችሁ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። በሩቅያ፣ ማለትም ለሕመምተኛው ቁርኣን ሲቀራለት፣ ድምፁ ዕረፍት ሲሰጠው አይቻለሁ። ነገር ግን ጂኑ ይውጣ ተብሎ የሚደረግ ድብደባ፣ ማነቅ፣ ጭስ ማጠን፣ በሰንሰለት ማሰር አለ። የእጅ አንጓቸው በገመድ ተልጦ፣ ጀርባቸው ሰንበር አውጥቶ የመጡ ልጆችን ቁስል አጥቤአለሁ። የተመታው ጂኑ ሳይሆን የሰው ልጅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ "መድኃኒቱን አቁምና ልቅራልህ" የሚለው ትእዛዝ ነው። እንዲህ የሚል ሰው በአካባቢያችሁ ካለ ከእኛ ይልቅ እናንተን ይሰማልና፣ እባካችሁ እናንተ ንገሩት።

አሁን ከሶላት በፊት ወደምንታጠብበት ወደ ውዱእ ቦታ ልውሰዳችሁ፤ እዚያ ሁላችሁም አይታችሁት የምታውቁት ሕመም አለና። አንድ ወጣት ወደ እኛ ሲመጣ እጁ እስከ ክርኑ ተሰነጣጥቆ ደም ያዥ ነበር። በአንድ ውዱእ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ጀማዓው ሁለተኛው ረከዓ ላይ ሲደርስ እሱ ገና ግራ እግሩን ያጥባል፤ አጥቦ ሲጨርስ ፊቴን በትክክል ታጥቤ ነበር ወይ ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሶላት ውስጥ ሲገባም ኒያዬ፣ የልቤ ሐሳብ፣ አልተስተካከለም እያለ "አላሁ አክበር" ን ይደጋግማል። ቤተሰቡ መጀመሪያ አላህን መፍራቱ ነው ብሎ ደስ አለው፤ በኋላ ጂን ለክፎታል ተባለ። ዑለማዎቻችን ወስዋስ ይሉታል፤ በሕክምናው ኦሲዲ ይባላል። የዚህ ሕመም ጠባይ ሰውየው አብልጦ በሚያከብረው ነገር ላይ መጣበቁ ነው። ልጇን የምትሳሳለት እናት ላይ "ልጅሽን ትጎጂዋለሽ" የሚል ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ አላህን የሚፈራው ሰው ላይ ደግሞ በዒባዳው በኩል ይገባል።

እዚህ ላይ ፊቅሁ፣ ማለትም የሸሪዓው ሕግ ትምህርት፣ እና ሕክምናው እጅ ለእጅ የሚያያዙበት ነገር አለ፤ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም የሚለውን ቃዒዳ፣ ይህን የፊቅህ መርሕ፣ ሁላችሁም ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በሶላት ውስጥ ውዱኡ የፈረሰ የመሰለው ሰው ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሽታ እስኪያገኝ ድረስ እንዳይወጣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። እኛ በሕክምና ክፍል የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ሕመምተኛው አንድ ጊዜ ታጥቦ እንዲቆም፣ "አልጸዳም" የሚለው ጭንቀት ቢወጣጠርበትም እንዳይደግም፣ ጭንቀቱ በራሱ ጊዜ እስኪወርድ ተሸክሞት እንዲጠብቅ እናለማምደዋለን። ይወርዳልም። አንዳንዱ ከዚህ ጋር ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ያውም ለርኅሩኅ ሰው የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። ይህ ወጣት ከሱብሒ በኋላ ኢማሙን "ውዱኤ ትክክል ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ኢማሙ ትክክል ነው ይለዋል። ለአንድ ሰዓት ያህል ይረጋጋል። በዙህር ይመለሳል፤ በዐስር ለሌላ ኡስታዝ ይደውላል፤ ማታ ፈትዋ ፍለጋ ስልኩን ሲበረብር ያነጋል። መልሱ በተደጋገመ ቁጥር ጥርጣሬው ይደልባል፤ ምክንያቱም ማረጋገጫ መጠየቁ ራሱ የሕመሙ ክፍል ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጽኑ መልሱለት፤ ሲመለስ ግን በፍቅር "መልስህን ሰጥቼሃለሁ" በሉትና በዚያው አቁሙ። ይህ ለእናንተ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አትቆጡትም፣ አትስቁበትም፤ ግን አትደግሙለትም። አስጸያፊ ሐሳብ በአላህ ላይ እየመጣበት ከፍሬአለሁ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ ሶሐባዎች በልባችን ልንናገረው የሚከብደን ነገር ይመጣብናል ባሏቸው ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ግልጽ ኢማን ነው እንዳሏቸው ንገሩት። ሐሳቡ የሚያስደነግጠው ኢማን ስላለው ነው።

ድባቴ የሚባለው ሕመም ደግሞ እንዲህ በዓይን የሚታይ አይደለም። በእኛ አገር "አዝኛለሁ" ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። ራሴን ይዞኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ነው፣ ሰውነቴ እንደ ድንጋይ ከብዶኛል ይላል። ለሱብሒ ሲነቃ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ ቁርኣን ሲቀራ ያለቅስበት የነበረው አንቀጽ እንጨት ይሆንበታል፤ ከዚያ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ያን ጊዜ "ሶብር አድርግ፣ ኢማንህን አጠንክር" ስንለው የሚሰማው ሌላ ነው፤ ፍርዱን አጽንተን የፈረምንለት ይመስለዋል። በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ልጆቹ ያዕቁብን (ዐ.ሰ) ዩሱፍን ማንሣት አትተውም ወይ፣ ልትታመም ወይም ልትጠፋ ነው እያሉ ይገሥጿቸዋል። ዓይናቸው ከሐዘን ብዛት ነጥቷል። ምላሻቸው ጭንቀቴንና ሐዘኔን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው የሚል ነበር። አላህ በዚህ ሐዘናቸው አልወቀሳቸውም፤ የቸኮሉት ልጆቹ ናቸው። በየቤታችን የምንሰማው ግሣጼ የእነዚያ ልጆች ንግግር ነው።

ስለ እናቶች ስናገር ከቤቴ ልናገር። የእናቴ ታናሽ እህት ከወለደች በኋላ ሕፃኑን ማየት አቃታት። በባህላችን አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ጂኒ እንዳይለክፋት ተብሎ ብረት ከራስጌዋ ይቀመጣል፣ ሴቶች ተራ ይዘው ያድራሉ። ይህ ልማድ ምንም ምክንያት ቢሰጠው፣ አራሷን ከብቸኝነት ይጠብቃታልና እወደዋለሁ። የአክስቴ መከራ የመጣው አርባው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ተበተነ፣ ገንፎው ቆመ፣ ባሏ ወደ ሥራው ሄደ፤ በዚያው ሰሞን ነው ወደ ግድግዳው ዞራ መተኛት የጀመረችው። "ጡር ነው፣ ልጅ የሰጣትን ጌታ አላመሰገነችም" ተባለ። ማንም ጤና ጣቢያ ይሂዱ አላለም፤ ስምንት ወር በዚያው አለፈ። ዛሬ ቢሆን ለማከም ከማይከብዱን ሕመሞች አንዱ ነው። ኡስታዛዎች እዚህ አላችሁና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ በኒፋስ፣ ከወሊድ በኋላ ባለው ደም፣ ምክንያት ሶላት የተነሣላት ሴት የመጠጊያዋ በር ሁሉ የተዘጋ ሊመስላት ይችላል፤ ዚክርና ዱዓ እንዳልተከለከለች ቤቷ ገብታችሁ ንገሯት። የእድር ሴቶችም ተራችሁን ከአርባው ቀን በኋላ ጥቂት አራዝሙት። እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለሐዘንተኛ ተልቢና የሚባል የገብስ አጥሚት እንዲሠራ ያዝዙ ነበር፤ የታመመን ልብ ያሳርፋል ሲሉም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ተናግረዋል። አጥሚት ይዞ መግባትን ከጅማ ሴቶች የተሻለ የሚያውቅበት የለም። ከዐረብ አገር ተጎድተው የሚመለሱ እህቶቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ቤተሰብ የሚጠይቃቸው ስለ ገንዘቡ ነው፤ ምን እንዳዩ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ስለ ጫት ባልናገር ሙያዬን መካድ ይሆንብኛል። ሐላልና ሐራምነቱን ለእናንተ እተወዋለሁ። በሕክምናው በኩል ያለውን ግን ልንገራችሁ፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ላይ ደግሞ ሕመሙን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ለወራት ደኅና ሆኖ የከረመ ልጅ ከአንድ ሳምንት በርጫ በኋላ ተመልሶ ሲገባ ማየት የተለመደ ነው። በሐድራ፣ በዱዓ ስብሰባ፣ ሆነ በቤት የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ያለው ወንድሙ ታሞ የዳነ መሆኑን ካወቀ፣ እንዳይቅም ቢያደርገው ከድግሱ ያገለለው አይደለም፤ ቡናውን ያቅምሰው፣ ዱዓውን ያካፍለው።

ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ ማታ የሚወሰዱ ስለሆኑ ከኢፍጣር በኋላ ተውጠው ጾም ይቻላል። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደሉም። ሊትየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ውኃ ሲውል፣ በተለይም ካላበው፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ባይፖላር፣ ስሜት ከመጠን በላይ የሚወጣና የሚወርድበት ሕመም፣ ያለበት ሰው በተራዊሕና በሱሑር መካከል እንቅልፉ ሲቆራረጥ ሕመሙ ሊነሣበት ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም እንዲሁ። አላህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል፤ የማይድን ሕመም ያለበት ደግሞ ፊድያ፣ በጾሙ ፈንታ ድኻ ማብላት፣ አለው። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ በመጀመሪያው ቀን መድኃኒቱን ያቆሙና በሁለተኛው ሳምንት ታስረው ይመጣሉ። ከረመዳን በፊት ያለው የሸዕባን ወር ሳያልቅ "መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ጠይቁና ኑ" የሚል አንድ ቃል በኹጥባችሁ ውስጥ ብትጨምሩ፣ እኛ በወር ሙሉ የማንችለውን ሥራ ትሠሩልናላችሁ።

አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምናገረው ነገር ነው። ራስን ማጥፋት ሐራም መሆኑን ሕመምተኛው ያውቃል፤ የሚደብቀውም ስለሚያውቅ ነው። ሐሳቡን አውጥቶ ቢናገር ካፊር እባላለሁ ብሎ ይፈራል። እናንተ ብትጠይቁት ግን ይነግራችኋል። "ከዚህ ሁሉ ስቃይ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?" ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም፤ ይህ በጥናት የታወቀ ነው፤ እኔም ደጋግሜ ያየሁት ጥያቄው ትንፋሽ ሲሆንለት ነው። አዎ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ። በቤቱም ለሰብልና ለአረም የሚረጨው ኬሚካል ተቆልፎ ከቤት ይራቅ፤ የክፉ ሰዓት ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ እስኪያልፍ መርዙ ከእጁ አይድረስ። አደጋው ደርሶ ከሆነ ደግሞ አብዛኞቹ ዑለማዎች ጀናዛው እንደ ማንኛውም ሙስሊም ታጥቦ ይሰገድበታል ማለታቸውን እናንተ ታውቃላችሁ። እናት በልጇ ቀብር ማግሥት ተዕዚያ የሚደርሳት ሰው ስታጣ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ እሷን ለማዳን ነበር የታገልነው።

ከእናንተ ይህን ሁሉ ስጠይቅ እኛም ዕዳ አለብን። ሕመምተኛ አስተኝተን ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ የማንነግርበት ጊዜ ነበር። በአፋን ኦሮሞ የምታለቅስን እናት በአማርኛ ጠይቀን የስምንት ዓመት ልጇን አስተርጓሚ ያደረግንበት ቀን አለ፤ ያ ልጅ የእናቱን የሞት ምኞት በገዛ አፉ ተርጉሞልናል፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሴቶች ሴት ባለሙያ ሲፈልጉ የለችም ብለን መልሰናል። ሸኹ የሰጠውን ጠርሙስ አይተን ፊታችንን አኮሳትረናል። ይህን ሳናርም ወደ እኛ ላኩልን ማለት ስለማይገባ፣ ወደ መስጂዶቻችሁ መጥተን ከእናንተ ጋር ተቀምጠን የምንማርበትን ቀን እንድትወስኑልን እለምናለሁ።

ለዚያች እናት ያን ቀን የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። አንዱ አንዱን አያፈርሰውም፣ ሁለቱንም ይስጡት አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ ያመኑኝ አልመሰለኝም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ሸኹ ራሳቸው አብረዋቸው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡና እሽጉን አገላብጠው አዩት። ከምን እንደተሠራ ጠየቁኝ፤ አልኮል እንዳለበት ጠየቁኝ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰድ ጠየቁኝ፤ ለሁሉም መለስኩላቸው። በመጨረሻ በቀን በስንት ሰዓት ነው አሉኝ። ማታ ከመኝታ በፊት ነው አልኳቸው። ወደ እናቲቱ ዞሩና በአፋን ኦሮሞ፣ "እንግዲያው ዒሻን ከሰገደ በኋላ ክኒኑን በዚሁ በተቀራው ውኃ ይዋጠው" አሏቸው።

ልጁ በስድስተኛው ሳምንት ስሙን ስንጠራው ዞር ብሎ አየን። ባለፈው ወር እናቱ መድኃኒት ሊወስዱ ብቻቸውን መጡ፤ እሱስ ብላቸው ቡና ለቀማ ላይ ነው አሉኝ። ክኒኑን በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው ተነሡ። ባዶው ጠርሙስ ዘንቢላቸው ውስጥ ነበር፤ ከእኛ ዘንድ ወጥተው ወደ ሸኹ ቤት ሊያልፉ ነው።